ከመሰላሉ ሥር የሚመጣ ስድብ

እንጀራዬ ስድብ ነው። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ስመልስለት ይስቃል፤ ቀልድ ግን አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ተቀምጬ፣ የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች የሚሰዳደቡባቸውን ቃላት ካርድ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ማን ተናገረው፣ ለማን፣ በየትኛው መንደር፣ ከየት መጣ። “ባርምፖት” የሚለውን ካርድ ብትመዙ፣ ድሮ ጠማቂዎች የእርሾ አረፋ የሚያጠራቅሙበት የሸክላ ዕቃ እንደነበር፣ ተሰዳቢውም በአንጎል ፋንታ አረፋ የተሸከመ ሰው ማለት እንደሆነ ታነባላችሁ። “ጎርምለስ” ደግሞ፣ የዛሬ ሺህ ዓመት በመርከብ መጥተው አገሩን የዘረፉት የሰሜን ባሕር ሰዎች ልብ ማለትን ከሚጠሩበት ቃል የወጣ ነው። ልብ የማይል፣ የፈዘዘ ለማለት ነው። ሰዎቹ ብሩን ይዘው ሄዱ፣ ስድቡን ለእኛ ተዉልን። የአንዱን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘወተረውን ቃል ምንጭ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ከመቃብሯ ተነሥታ አፌን በሳሙና ታጥበዋለች።

ካርዱ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። እሱን የተማርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የተማርኩትም ሁለት ሰዎች ጎድቼ ነው።

አባቴ ዊልፍሬድ ኤንትዊስል በርንሊ ከተማ መስኮት ወልዋይ ነበር። ሰኞ ያጸዱትን መስታወት የፋብሪካው ጭስ ሐሙስ ያጠቁረዋልና ሥራ አይጠፋም። አባቴ ቀጭንና ቀላል ነበር፣ መሰላል የሚወጣውም እሱ ነው። ከታች ሆኖ መሰላሉን የሚይዘው ደግሞ ሆራስ ኦግደን የሚባል፣ በር ሙሉ የሚያህል ሰው ነበር። ሁለቱ ከአንድ ወንበር ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ሆራስ እንኳ ቆጠረ ለማለት ያስቸግራል፤ ማንበብ አልሆነለትም።

ሆራስ ሁልጊዜ ጠዋት በጓሮ በር ሳያንኳኳ ይገባል።

“ይሄ ጅላጅል ተነሣ ወይስ ሬሳውን ላውጣው?”

አባቴ ከላይ ከመኝታ ክፍል ሱሪውን እየታጠቀ ይመልሳል፦ “ማነው የሚጮኸው? አህያ ናት ወይስ ሆራስ?”

“አህያማ ካንተ ጋር ለመሥራት እሺ አትልም፣ አንተ ነፈዝ!”

እናቴ ኤድና ምንም እንዳልሰማ ሰው ሻዩን ቀድታ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ ታቀርብለታለች። ከዚያ ሁለቱ ጋሪያቸውን እየገፉ ይወጣሉ። ስድቡም አብሯቸው ይወጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የትኛው መንገድ ላይ እንደደረሱ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ጆሮዬን ብቻ ማቆም ነው።

“አንተ ገልቱ! ይዘኸዋል ወይስ የሰው ሚስት እያየህ ነው?” ይላል አባቴ ከላይ።

“ይዤዋለሁ፣ አንተ ባርምፖት! እዚያ ላይ ጎጆ ልትሠራ ነው? ወልውልና ውረድ!” ይላል ሆራስ ከታች።

የየቤቱ ሴቶች ይህን ሲሰሙ መስኮት ወልዋዮቹ መጡ ብለው የሻይ ውኃ ይጥዳሉ። ድምፁን የፈራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፍርሃቱ የጀመረው በጸሎት ቤታችን ሰንበት ትምህርት ነው። አስተማሪያችን ሚስ ፒክልስ ረጅም፣ ደረቅ፣ የአንገቷን ቁልፍ እስከ አገጯ የምትቆልፍ ሴት ነበረች። አንድ እሑድ መጽሐፉን ገለጠችና ወንድሙን ጅል ብሎ የጠራ በገሃነም እሳት እንደሚፈረድበት አነበበችልን። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ “ለቀልድ ከሆነስ?” ሲል ጠየቃት። ሚስ ፒክልስ በእሳት ላይ ቀልድ የለም ብላ መለሰችለት።

በማግሥቱ አጥራችን ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። አባቴና ሆራስ የእኛን ሠፈር መንገድ አንዱን ወገን ብቻ ወልውለው እስኪጨርሱ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰዳደቡ። ሌላኛውን ወገን ሳልቆጥር ወደ ቤት ገባሁ። አባቴን እወደው ነበር። ሲስመኝ የሳሙናና የእርጥብ ቆዳ ጨርቅ ሽታ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ሊቃጠል ነው ብሎ ማሰብ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። ጓሮ ውስጥ በተሰጡት አንሶላዎች መሀል ድንኳን ሠርቼ እጫወታለሁ። እናቴ ከጎረቤታችን ከሚስስ ብሬስዌል ጋር በአጥር ላይ ታወራለች።

“ዊልፍ ከጫማ መደብሩ ፎቅ የወደቀ ቀን እኮ ከሥሩ የነበረው ሆራስ ነው፣” አለች እናቴ። “ያ ቀን አሁንም አይረሳኝም።”

“እግዜር ይይለት፣” አለች ሚስስ ብሬስዌል፤ ከዚያም አንሶላው ውስጥ እግሬን አይታ መሰለኝ ወሬውን ወደ ድንች ዋጋ ቀየሩት።

ለእኔ ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ሆራስ አባቴን ቀኑን ሙሉ ይሰድበዋል። አባቴ የወደቀው ሆራስ ሥር ቆሞ ሳለ ነው። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ ስለምትፈራው ነው ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጨምርለት። አባቴ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ለዚያው ሰው መሰላሉን ይሰጠዋል። ሲወድቅ ደግሞ የት እንደሚገባ ሚስ ፒክልስ ነግራኛለች።

እውነቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። አባቴ ከመውደቁ በፊት ሁለቱም ተራ በተራ መሰላል ይወጡ ነበር፣ የሚሠሩትም ዝም ብለው ነው። የጫማ መደብሩ ቀን ሆራስ ባልዲ ሊሞላ ዞር ብሏል። አባቴ ያለ መስሎት ወደሚቀጥለው መስታወት ተንጠራራ፣ መሰላሉ ተንሸራተተ። ሆራስ ባልዲውን ወርውሮ ሮጠና ራሱን ከሥሩ አነጠፈለት። አባቴ ሱሪው ተቀድዶ ተነሣ። የሆራስ ቀኝ ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ዳግመኛ አልተዘረጋም፣ መሰላልም ዳግመኛ አልወጣበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ። አባቴ ከመስታወት ወደ መስታወት ከመዛወሩ በፊት ይጣራል፤ መልስ ካልመጣ እግሩን አያነሣም። ወደ ታች አያይም፤ ወደ ታች የሚያይ ወልዋይ ዕድሜ የለውም። “አለሁ፣ አትፍራ” ቢባባሉ ይበቃ ነበር። ነገር ግን የእኛ አገር ሁለት ወንዶች በየሁለት ደቂቃው “አትፍራ” ከሚባባሉ ሁለቱም ቢወድቁ ይመርጣሉ። ስለዚህ ተሰዳደቡ።

ይህን አላወቅኩም፣ ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ።

የአባቴ እጅ ለባልዲ እንጂ ለብዕር የተፈጠረ አልነበረም። ለደንበኞች በበር ሥር የምትገባዋን “መስኮትዎ ዛሬ ተወልውሏል፤ ኤንትዊስልና ኦግደን” የምትል ቁራጭ ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የሥራቸው ጽሕፈት የእኔ ጽሕፈት ነው። በዚያው ጽሕፈት፣ በንጹሕ ወረቀት፣ ምላሴን አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ክቡር ሚስተር ኦግደን፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይሰድቡኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔም አልሰድብዎትም። አክባሪዎ፣ ዊልፍሬድ ኤንትዊስል።” “በትሕትና እለምናለሁ” የሚለውን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ማስታወቂያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት መንገድ ሮጬ በሆራስ በር ቀዳዳ ከተትኩት። የሚያነብለት እኅቱ አዳ ናት፤ መበለት ነበረች፣ አብረው ይኖራሉ።

ሰኞ ጠዋት የፊት በራችን ተንኳኳ።

በእኛ ሠፈር የፊት በር ለሐኪም፣ ለቄስና ለሬሳ ሣጥን ነው። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ፊቷ ነጥቶ ልትከፍት ሄደች። ሆራስ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶታል።

“እንደምን አደሩ፣ ሚስስ ኤንትዊስል፣” አለ። “ሚስተር ኤንትዊስል ዝግጁ ናቸው?”

“ሆራስ! ማን ሞተ?” አለች እናቴ።

“ማንም አልሞተም፣ እመቤቴ።”

“ታዲያ ግባ እንጂ፣ ሻይ ቀርቧል።”

“አመሰግናለሁ፣ ቀምሻለሁ። እዚሁ እጠብቃለሁ።”

አባቴ ከደረጃው ላይ “አህያዋ ዛሬ በፊት በር መጣች?” ብሎ ሳቀ።  አባቴ ወርዶ ሆራስን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ሆራስም “እንደምን አደሩ” አለው። የአባቴ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ እንዴት እንደጠፋ አሁንም ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እኔ ያየሁት የሚሠራ ደብዳቤ ነው። ከደስታዬ ብዛት ገንፎዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት ተከትያቸው ሄጄ አዳመጥኩ። አባቴ ከሁለተኛው ፎቅ፣ “አንተ ገልቱ! አለህ?” አለ።

“እዚህ ነኝ፣ ሚስተር ኤንትዊስል፣” አለ ሆራስ።

አባቴ ወደ መስታወቱ ዞረ። ከዚያ ዳግመኛ አልተጣራም። እሱም ቢሆን ኩራት ነበረው። የተጣላን ነገር ካለ ይንገረኝ፣ ካልነገረኝ ደግሞ በሰጠኝ እከፍለዋለሁ አለ በልቡ። ማክሰኞ ላይ እሱም “ሚስተር ኦግደን” ማለት ጀመረ። ረቡዕ “እባክዎ ጨርቁን ያቀብሉኝ” ሲለው ሰማሁ። ማታ ተንበርክኬ እግዚአብሔርን በስሙ እየጠራሁ አመሰገንኩት፤ ሠላሳ አንድ የነበረው ባዶ ሆኗል።

ሁለት ሳምንት ቤታችን ጸጥ አለ። አባቴ ማታ ማታ ጋዜጣውን አንድ ገጽ ላይ ገልጦ ይቀመጣል፣ ገጹ አይገለበጥም። ድንቹን በሹካ ከዚህ ወደዚያ ይገፋዋል። እኔ የሚጾም መሰለኝ። መንገዱ ላይ ደግሞ ሚስስ ብሬስዌል ደጃፏን እየፈተገች ቀና ብላ፣ “እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? እንደ ቀባሪ ዝም ብለው ሲመጡ ደነገጥኩ እኮ፣ ውኃም አልጣድኩ፣” አለችኝ።

“ተለውጠዋል፣” አልኳት ኮራ ብዬ።

“ኧረ እንዲህ ያለ ለውጥ ይቅርብን፣ የኔ ልጅ።”

አንድ ምሽት ደረጃው ላይ ተቀምጬ እናቴና አባቴ ወጥ ቤት ሲነጋገሩ ሰማሁ።

“ምን አጣላችሁ ዊልፍ?”

“ምንም አላጣላንም። ሰውየው ተለወጠብኝ።”

“ጠይቀዋ!”

“ምን ብዬ? ለምን አትሰድበኝም ብዬ?” አለ አባቴ። ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ወደ ታች ማየት ጀምሬአለሁ፣ ኤድና፣” አላት።

እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። እኔ አባቴ ወደ ታች ማየቱ ምን እንዳስከፋት አልገባኝም፤ ወደ ታች ማየት ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ያም ሆኖ ነገሩ አላማረኝም፣ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለጰራቅሊጦስ ሰልፍ የሰንበት ተማሪዎች ነጭ ለብሰን በከተማው እንዞራለን። ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ የጸሎት ቤቱ መስኮቶች ይወለወላሉ። እኛ ልጆቹ ደግሞ ግቢው ውስጥ ተሰልፈን ከሚስ ፒክልስ ጋር መዝሙር እንለማመዳለን። ረጃጅሞቹ መስኮቶች ከሠፈሩ ቤቶች ጣሪያ በላይ ይደርሳሉ። አባቴ ትልቁን መሰላል ዘርግቶ ሲወጣ እያየሁት ነበር። ሆራስ ከሥር ቆሞ ግራ እጁን መሰላሉ ላይ አድርጓል፤ ዓይኑ ግን ወደ መንገዱ ነው። ከላይ ወደ ታች እንኳን ቃል፣ ሳል አይመጣም።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ አባቴ ቆመ። ጨርቁ መስታወቱ ላይ እንዳለ ቆመ። ወደ ታች አየ። ከዚያ ጨርቁን ለቀቀውና በሁለት እጁ መሰላሉን አቀፈ። ጨርቁ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ጠፍ ሲል መዝሙራችን ተቋረጠ።

“ሚስተር ኦግደን፣” አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

“እዚህ ነኝ፣ ሚስተር ኤንትዊስል።”

“መውረድ አልቻልኩም።”

እግሮቹ ሲንቀጠቀጡ መሰላሉ ግድግዳውን መምታት ጀመረ፤ ኳ ኳ ኳ ይላል። ሆራስ በደኅናው እጁና በደረቱ ተጫነው። ቀና ብሎም፣ “አይዞዎት፣ ሚስተር ኤንትዊስል። ቀስ ብለው ይውረዱ፣” አለ። ይህን ሲሰማ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ መሰላሉን አጥብቆ ያዘ፣ ኳኳታው ባሰ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። እስከዚያ የፈራሁት ሁሉ ጨዋታ ነበር። ሆራስን አየሁት፤ ያ ግዙፍ ሰው ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ የማይዘረጋ ክንዱን ጭምር መሰላሉ ውስጥ ሰክቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል። ሊገድል የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይይዝም። ይህ አባቴን የሚወድ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ልክ እንዲሁ በግልጽ። አባቴ ግን ከላይ ሆኖ ያን ፊት አያየውም። የሚሰማው “ሚስተር ኤንትዊስል” የሚለውን ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

መናገር ያለብኝን አወቅሁ። የት እንደሚያስገባኝም አወቅሁ። ሚስ ፒክልስ ከጎኔ ቆማለች፣ የመዝሙር መጽሐፉ እጇ ላይ ነው። ስለ እሳቱ አሰብኩ፣ ስለ አባቴ አሰብኩ፤ እሺ፣ እገባለሁ አልኩ በልቤ። ከዚያ ከሰልፉ ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ፦

“ውረድ፣ አንተ ባርምፖት! እዚያ ላይ ጎጆ ልትሠራ ነው?”

 “ኖሪን ኤንትዊስል!” አለች ሚስ ፒክልስ በታፈነ ድምፅ፣ ክንዴንም ያዘችኝ።

ሆራስ ዞር ሳይል፣ “ይተዉአት፣ ሚስ ፒክልስ። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፣” አላት።

ከዚያ ራሱን ወደ ላይ ቀና አደረገ። ደረቱ ሲሞላ አየሁት። “ሰማህ፣ አንተ ቅል ራስ?” ብሎ ሲጮኽ እርግቦቹ ከጣሪያው ተነሡ። “ልጅህ እንኳ ተጠይፋሃለች! ግራ እግርህን አንሣ! ግራው የቱ እንደሆነ ታውቀዋለህ ወይስ ልሣልልህ?”

 ከላይ ቀጭን፣ የተሰበረ ድምፅ መጣ፦ “ማነው ቅል ራስ? ራሱ ሁለት ፊደል መያዝ አቅቶት!”

“አንድ እርከን ወረድክ! ተመልከቱት፣ አንድ እርከን ወረደ ይሄ ጎርምለስ!”

“ዝም በል፣ አንተ ዱባ!”

“ሁለት! ቀጥል፣ አንተ የሰነፍ አውራ!”

አባቴ እንዲህ ወረደ፤ በእያንዳንዱ እርከን አንድ ስድብ ሰጥቶ፣ አንድ ተቀብሎ። ዓይኑን አልገለጠም። የሚወርደው በጆሮው ነበር። መሀል ላይ ሲደርስ ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፣ አምስት እርከን ሲቀረው የሚያውቁትን ሁሉ ጨርሰው መደጋገም ጀመሩ፣ ማንም አልከሰሳቸውም። እግሩ መሬት ሲነካ ሆራስ ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘውና አልለቀው አለ። አባቴም ልቀቀኝ አላለም።

ሚስ ፒክልስ ያን ቀን ምንም አልቀጣችኝም። መዝሙሩን ከመጀመሪያው አስጀመረችን እንጂ። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ዘጠና ዓመቷ ላይ፣ አረጋውያን ማረፊያ ካርዶቼን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። አባቷ የከሰል ቆፋሪ ነበር። ዐሥራ ሰባት ስድብ ሰጠችኝ፤ አንዱን ከመንገሯ በፊት ተነሥቼ በሩን እንድዘጋ አዘዘችኝ።

ልምምዱ ሲያበቃ አባቴና ሆራስ የጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሆራስ ቆቡን አወለቀና ከገበሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በላብ ረጥቦ ደርቆ፣ ጠርዙ አልቋል። በአባቴ ጉልበት ላይ አኖረው።

“ስድቤ ካልከፋህ፣ ታዲያ ይሄን ለምን ጻፍክብኝ?”

አባቴ ቀስ ብሎ አነበበው። “ይሄን እኔ አልጻፍኩትም።”

“የቤትህ ጽሕፈት ነው። አዳ አንብባልኛለች፤ ሁለት ጊዜ። ለልጅ አስጽፎ እስከሚልክብኝ ምን ያህል ብጎዳው ነው ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።”

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። መሸሽ አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ሁሉንም ተናገርኩ። እሳቱን፣ ሠላሳ አንዱን፣ አንሶላው ሥር የሰማሁትን፣ ከጫማ መደብሩ መውደቅን። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። ሆራስ አልሳቀም።

“እና እኔ አባትሽን የምጥለው መስሎሽ ነበር?” አለኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እሱ የተጣመመ ክንዱን አየና ወደ አባቴ ዞረ። “ለልጅቷ ነግረሃት አታውቅም?”

“ምን ብዬ ልንገራት? በሕይወት ያለሁት በዚህ ሰው ነው ብዬ?”

“አዎ! እሱን ነዋ!”

“ነገርኳት በቃ፣” አለ አባቴ። ጆሮው ቀልቷል። ከዚያ ደብዳቤውን አንሥቶ ሆራስ አፍንጫ ሥር አወዛወዘው። “ደግሞስ አንተ! ‘በትሕትና እለምናለሁ’ የሚል ቃል ከእኔ አፍ ይወጣል ብለህ አመንክ? ሠላሳ ዓመት ታውቀኝ የለም እንዴ፣ አንተ ደነዝ?”

“የታመምክ መስሎኝ ነበር፣” አለ ሆራስ።

ይህን ሲለው ሁለቱም ፈነዱ። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ፤ ሆራስ ዓይኑን በቆቡ ጠረገ። ደብዳቤዬን ለአራት ቀድደው ሊጥሉት ነው ብዬ ስጠብቅ ሆራስ መልሶ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ሲሞት አዳ ሰጠችኝ፤ ካርድ አልሠራሁለትም።

እኔ ግን አሁንም ቆሜ እነፈርቃለሁ። ሆራስ እኔን ሰድቦኝ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያን ቀን “ትንሿ ልጅ” ብቻ ነበርኩ፣ ማንኛዋም የሠፈር ልጅ እንደምትባለው። ተነሥቶ መጣና በተጣመመው እጁ ራሴን ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው።

“ነይ ወዲህ፣ አንቺ የግማሽ ፔኒ ቂል፣” አለኝ። “አፍንጫሽን ጥረጊ።”

ይህን ስድብ አሁን በስድሳ አራት መንደር የተሰበሰበ ካርድ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ስትቆጥሩት በግማሽ ፔኒ የሚገዛ ያህል ትንሽ ቂል ማለት ነው፤ ሙሉ ቂል ለመሆን እንኳ ያልበቃ። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላወቅኩም። ሙቀት ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ከራሴ ጀምሮ እስከ እግሬ። አፍንጫዬን በቀሚሴ እጅጌ ጠርጌ ወደ ቤት ሮጥኩ። መንገዱን ቁልቁል፣ በሚስስ ብሬስዌል እርጥብ ደጃፍ ላይ ረግጬ፣ በጓሮ በር ገባሁ።

“እማዬ! እማዬ! ሆራስ ሰደበኝ!”

እናቴ ከምድጃው ዞረች። “ምን ብሎ?”

ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እኔንም ወደ ጉልበቷ ሳበችኝና ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

“ተመስገን፣” አለች።